የጎጃም ባለ ርስትና የነፃነት ትርጕም

ሊበርታሪያን ነን የሚሉ ሰዎች፥ ሰው በሰውነቱና በሀብቱ ላይ ራሱ አዛዥ ስለ ኾነ መንግሥት ከዳኝነትና ከጥበቃ አልፎ በኑሮው እንዳይገባበት የሚሹ ናቸው። ስሙን አስቀድሞ በፖለቲካ ነገር የተጠቀመበት ግን ፈረንሳዊው ዦዜፍ ዴዣክ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1858 እስከ 1861 በኒው ዮርክ ከተማ በዚሁ ስም ጋዜጣ ያሳትም ነበር፤ የግል ሀብትንም አጥብቆ ይቃወም ነበር። መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ አሜሪካኖች ቃሉን ለግል ሀብት ጠበቆች ሰጡት፤ በ1971ም በዚሁ ስም ፓርቲ አቋቋሙ። እንግዲህ አንዱን ካባ ሁለት ባላንጣዎች ለብሰውታል ማለት ነው። ስለዚህ ስሙን ትቼ ነገሩን በአገራችን በጎጃም ልመርምር።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ግብሩ የሚጣለው በምርቱ ግምት ላይ ስለ ነበር፥ ገማቾች ወደ ማሳው መግባት ነበረባቸው። የጎጃም ገበሬ ግን ዛሬ ግምት ያለው ነገ ቃላድ ይዞ ይመጣል ብሎ ጠረጠረ። ቃላድ በደቡብ አገር ምን እንዳደረገ ሰምቶ ነበርና፤ በዚያ መሬቱ ከተለካ በኋላ ብዙው ባላገር በአባቱ እርሻ ላይ ጭሰኛ ኾኖ ቀርቷል። ደግሞም በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር ሕግ ሲወጣ ጎጃም እንደ ትግሬና እንደ በጌምድር ሳይለካ በቀድሞው ግብር እንዲቈይ ተደርጎ ነበር፤ ይህንንም የቀድሞ ዐመፅ ያስገኘለት መብት አድርጎ ይቈጥረው ነበር። በዚህ ላይ በአገረ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ዘመን የተጣለው ልዩ ልዩ መዋጮና የጠመንጃ ምዝገባ ሕዝቡን አስመርሮት ነበር። በሞጣ፥ በቢቸና፥ በዳሞት ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም ብሎ ተነሣ። መንግሥትም ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፥ ውዝፉ ግብርም ተማረ።

አሜሪካዊው ሊበርታሪያን ይህን ታሪክ ቢያነብ፥ ወንድሞቼን አገኘሁ ብሎ ደስ የሚለው ይመስለኛል። ደስታው ግን ርስት ምን እንደ ኾነ እስኪጠይቅ ድረስ ነው። ርስት የአንድ ሰው ንብረት አልነበረም። ከዋናው አባት የተወለደ ሁሉ፥ ወንድም ኾነ ሴት፥ በአባቱም በእናቱም ወገን ቈጥሮ ድርሻዬን ስጡኝ ማለት ይችል ነበር፤ ባዕድም ገዝቶ አይገባበትም። ሙግቱም ማለቂያ አልነበረውም። ገበሬው ጠመንጃ ያነሣው ዘሩን ከመሬቱ እንዳይነቅሉበት ነው እንጂ መሬቱን እንደ ልቡ ለመሸጥ አልነበረም። ጌታ የለብኝም የሚለው ኵራቱ እውነተኛ ነበር፤ ይህን ማንም ሊክደው አይገባም።

ነገር ግን በዚያው መንደር ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ፥ ሙስሊሙ ነጋዴ በአብዛኛው ርስት አልነበራቸውም። መሬት ቢያርሱም የባለ ርስት መሬት በእርቦ ወይም በእኩል ያርሱ ነበር። የ1960ው ጦርነት ሲተረክ እነዚህ ሰዎች አይነሡም። የትውልድ ሐረግ መቍጠር ለማይችል ሰው የባለ ርስቱ ነፃነት ምን ይረባዋል? ይህን ሳይመልስ የጎጃምን ገበሬ የነፃነት ምሳሌ አድርጎ የሚያቀርብ ጸሓፊ ግማሹን መንደር ረስቷል እላለሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ርስትንም ጭሰኝነትንም በአንድ ቀን ሻረ፤ መሬትንም የሕዝብ ሀብት አደረገ። የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ከዚያ ወዲህ በክልሉ የገበሬው ማሳ እየተለካ የይዞታ ደብተር ተሰጥቶታል፤ በ1960 ደም ያፈሰሰው ልኬት ማለት ነው። አሁን ልኬቱን የሚፈልገው ገበሬው ራሱ ነው፤ ድንበር የሚገፋ ጎረቤትና ለከተማ ማስፋፊያ የሚመጣ ሹም ሲያሰጉት ደብተሩን አውጥቶ ያሳያል። በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስም ጎን ለጎን ተጽፏል።