ከሥራ መሣሪያ በፊት የሥራ ልክ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ መሐንዲስ ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ አንድ ሺህ ያህል የኮምፒውተር ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ማውስ ይዞ ተቀመጠ። ኮምፒውተሩ ያለው አዳራሹ ውስጥ ሳይሆን ሜንሎ ፓርክ በሚገኘው ቤተ ሙከራው ነው። በትልቁ ስክሪን ላይ ወደ ቤት ሲመለስ የሚገዛቸውን ነገሮች ጻፈ፤ ሙዝ፣ ካሮት፣ ዳቦ፣ አስፕሪን። ከዚያ ዝርዝሩን በየዓይነቱ መደበው፣ ሲያሻው አንዱን ክፍል አጥፎ ሌላውን ዘረጋ፣ በመጨረሻም የሚሄድበትን መንገድ በካርታ አሳየ። ዛሬ ስልካችን ላይ የምንከፍተው የሥራ ዝርዝር አፕ ሁሉ የዚያ ቀን ዘር ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኤንግልባርት ዓላማ ሰውን ማጣደፍ አልነበረም። በ1962 ባወጣው ጥናቱ እንዳስቀመጠው፣ ሰው ውስብስብ ችግርን የመረዳትና የመፍታት ችሎታው እንዲጎለብት ነበር የሚመኘው። መሣሪያዎቹ እሱ ካሰበው በላይ ረቀቁ፤ የሚጠቀምባቸው ሰው ግን ዛሬም ጊዜ አጠረኝ ይላል። ለምን? ታሪኩን ወደ ኋላ ሄደን ብናየው መልሱ ይገኛል። መሣሪያ ያተረፈልንን ጊዜ ለራሳችን ያስቀረነው ከመሣሪያው ጋር የሥራ ልክ ሲበጅለት ብቻ ነው።

የጸሐፊው እጅ፣ የፍራንክሊን ሠንጠረዥ

ተቀምጦ የመሥራት ጣጣ ከኮምፒውተር ጋር አልመጣም። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1700 የሠራተኞችን በሽታዎች የሚመለከት መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1713 ሲያስፋፋውም ስለ ጸሐፊዎች አንድ ምዕራፍ ጨመረበት። የጸሐፊ ሕመም ምንጩ ሦስት ነው አለ፦ ሳይነሡ መቀመጥ፣ እጅን ያለ ማቋረጥ በአንድ አቅጣጫ ማንቀሳቀስ፣ እንዳይሳሳቱ አእምሮን ወጥሮ መዋል። ቀኝ እጁ የዛለበት አንድ ጸሐፊ በግራው መጻፍ እንደተለማመደ፣ ብዙም ሳይቆይ ግራውም እንደታመመ ይተርካል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ኮድ ሲጽፍ ውሎ የእጁን አንጓ የሚያመው ወጣት ሕመሙ ከ300 ዓመት በፊት ተመዝግቦለታል። ያ ጸሐፊ ያስፈለገው የእጁ ዕረፍት እንጂ ሌላ እጅ አልነበረም።

ቤንጃሚን ፍራንክሊን ደግሞ በግለ ታሪኩ ውስጥ የ24 ሰዓት ሠንጠረዥ ትቶልናል። የዘመኑ የምርታማነት ሰባኪዎች ፍራንክሊንን የሚጠሩት በማለዳ ስለመነሣቱ ነው። ሠንጠረዡን በጥንቃቄ ያየው ግን ሌላም ነገር ያገኛል። ለሥራ የተመደበው 8 ሰዓት ነው። በመካከሉ ለምሳ፣ ለንባብና ለሒሳብ የተተወ 2 ሰዓት አለ። ምሽቱ ዕቃን ወደ ቦታው ለመመለስ፣ ለእራት፣ ለሙዚቃና ለጨዋታ፣ ሌሊቱም 7 ሰዓት ለእንቅልፍ። እንዲያም ሆኖ ከዘረዘራቸው 13 ምግባሮች ውስጥ በጣም ያስቸገረው ሥርዓት መጠበቅ እንደነበር አልደበቀም።

ስምንት ሰዓት በማን ትግል መጣ?

ፍራንክሊን የጊዜው ጌታ ስለነበር ሠንጠረዡን ራሱ ማውጣት ችሏል። የፋብሪካ ሠራተኛ ይህ ዕድል አልነበረውም። የፋብሪካ ባለቤቱ ሮበርት ኦወን በ1817 ቀኑ ለሥራ፣ ለመዝናኛና ለዕረፍት ስምንት ስምንት ሰዓት እንዲከፈል ጠየቀ። በ1856 የሜልበርን ድንጋይ ጠራቢዎች ሥራ አቁመው ሰልፍ በመውጣት የስምንት ሰዓት ቀንን አስከበሩ። በ1919 የዓለም ሥራ ድርጅት የመጀመሪያ ስምምነቱን ያወጣው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው፤ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት። የእኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. መደበኛውን የሥራ ሰዓት ከዚህ እንዳይበልጥ ደንግጓል። በማለዳ መነሣትን አንድ ሰው ብቻውን ሊለምደው ይችላል፤ ይህን ልክ ግን ብዙዎች አብረው ባይቆሙ ኖሮ አናገኘውም ነበር።

ሰዓቱን የያዘው ማን ነው?

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር በ1911 ሳይንሳዊ የሥራ አመራርን የሚሰብከውን መጽሐፉን ሲያወጣ፣ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ውስጥ የሠራተኛን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሰዓት መለካት እየተስፋፋ ነበር። ሰዓቱን የያዘው ተቆጣጣሪው ነው፤ የሚፈለገውም ተጨማሪ ምርት ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን ሮም ውስጥ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ተማሪ ማጥናት አልሆንለት ሲል የቲማቲም ቅርጽ ያላት የማብሰያ ሰዓት አነሣ። ለራሱ ያቀረበው ጥያቄ ትንሽ ነበር፦ 10 ደቂቃ ብቻ ሳልዘናጋ ማጥናት እችላለሁ? ከዚህ የተወለደው ዘዴ ፖሞዶሮ ይባላል፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከአራት ዙር በኋላ ረዘም ያለ ዕረፍት። የቴይለርም የቺሪሎም ሰዓት ደቂቃ ይቆጥራል። የኋለኛውን ግን የያዘው ሠራተኛው ራሱ ነው፤ ሰዓቱ ሲጮህም ተነሥ ይለዋል። አንድን መሣሪያ ከመልመዳችን በፊት ሰዓቱን የያዘው ማን እንደሆነ እንጠይቅ።

ሣጥኑና የሣጥኑ ባለቤት

ለማስታወሻ አፕ ወዳጆች ከጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኒክላስ ሉማን የሚበልጥ አርአያ የለም። በእንጨት መሳቢያዎች ውስጥ 90 ሺህ ያህል ወረቀቶችን አከማችቷል። በእያንዳንዱ ወረቀት አንድ ሐሳብ ይጽፋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የሚዛመደውን ወረቀት ቁጥርም ያሰፍርበታል። ከዚያ ሣጥን ከ50 በላይ መጻሕፍትና በመቶዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ወጡ። ማስታወሻን ከማስታወሻ የሚያያይዙት የዛሬዎቹ አፖች መንገዱን ተከትለዋል። ሉማን ግን ሥርዓቱን በየጊዜው አልለዋወጠም። በ1950ዎቹ የጀመረውን ለአሥርተ ዓመታት ይዞት ዘለቀ። በየወሩ ከአንዱ አፕ ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው የሚያጣው ይህን ጽናት ነው፤ ማስታወሻ የሚያፈራው ተመልሰው ሲያነቡትና ሲጽፉበት ነውና።

መልእክት ሲበዛ

የኮምፒውተር ባለሙያው ሬይ ቶምሊንሰን በ1971 የመጀመሪያውን የኔትወርክ ኢሜይል ላከ። በ1999 ብላክቤሪ የተባለው መሣሪያ ኢሜይልን ኪስ ውስጥ አስገባው። የሥራ አደረጃጀት አማካሪው ዴቪድ አለን በ2001 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ሐሳብ ውስጥ የሚመላለሰውን ሁሉ አውጥቶ መጻፍና ለእያንዳንዱ ቀጣዩን እርምጃ መወሰን አእምሮን እንደሚያሳርፍ አስተማረ። የቴክኖሎጂ ሰዎች ዘዴውን በፍቅር ተቀበሉት፤ ይሠራልም። ዝርዝሩ ግን የሚገባውን ሥራ ይመዘግባል እንጂ መግቢያውን አይዘጋም። ብዙም ሳይቆይ ስማርት ስልክ ከነኖቲፊኬሽኑ መጣ። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዋ ተመራማሪ ግሎሪያ ማርክ በ2004 ገደማ ስትለካ፣ ሰው በአንድ ስክሪን ላይ ዓይኑን የሚያቆየው በአማካይ ለ2 ደቂቃ ተኩል ነበር። በቅርብ ዓመታት ልኬቶች ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል።

ሶፍትዌር ሠሪዎች መፍትሔውን ራሳቸው ጽፈውት ነበር። ኬንት ቤክ በ1999 ኤክስትሪም ፕሮግራሚንግ የተባለውን አሠራር ሲያስተዋውቅ የ40 ሰዓት ሳምንትን ከሕጎቹ አንዱ አደረገው፤ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ትርፍ ሰዓት መሥራት ክልክል ነው። ትርፍ ሰዓት ከተደጋገመ የታመመው ፕሮጀክቱ ነው ማለት ነው። በ2001 የወጣው፣ አጃይል የተባለው የሶፍትዌር አሠራር መግለጫም ቡድን ያለ ገደብ ሊዘልቅበት የሚችል ፍጥነት እንዲኖረው ይጠይቃል። ብዙ ድርጅቶች የአጃይልን ስብሰባና ሰሌዳ ወስደው ይህን መርህ ትተውታል።

ያለ ልክ መሥራት የሚያስከፍለው ዋጋም ታውቋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር፣ የስትሮክን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን አደጋ በ17 በመቶ ከፍ ያደርጋል። ፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት ስለመራቅ ከሠራተኞች ጋር እንዲደራደሩ በሕግ አዛለች።

ዛሬ በእኛ ጠረጴዛ

ጉዳዩ አዲስ አበባም ገብቷል። በአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ላለ ድርጅት ከቤቱ የሚሠራ ወጣት፣ አለቃው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ሲገባ፣ እሱ ዘንድ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ሆኗል። የቀኑን ሥራ ጨርሶ የሌሊቱን የሚጀምር ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው አዲስ አፕ አያድነውም። የሚያድነው ሥራ ሲቀበል የሚገኝበትን ሰዓት በግልጽ መነጋገሩ፣ ያን ሰዓት በቡድኑ ካላንደር ላይ ማስፈሩ፣ ከዚያ ውጭ ኖቲፊኬሽኑን መዝጋቱ ነው።

ለግል አንድ የሥራ ዝርዝር፣ አንድ የማስታወሻ ቦታና አንድ ካላንደር ይበቃሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ ከወንበር መነሣት፣ ዓይንን ከስክሪን ወደ ሩቅ መመለስ፣ የቀኑ ሥራ የሚያበቃበትን ሰዓት ጠዋቱኑ መወሰን ገንዘብ አይጠይቅም። ቡድን የሚመራ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ኃላፊነት አለበት። መሪው ሌሊት 6 ሰዓት ላይ መልእክት እየላከ ሠራተኞቹን ዕረፉ ቢላቸው የሚያምነው የለም። የሜልበርን ድንጋይ ጠራቢዎች ስምንት ሰዓታቸውን ያገኙት አብረው ስለጠየቁ ነው፤ በስልካችን ውስጥ ለገባውም ሥራ ልኩን አብረን እናውጣለት።