መንገዱ ለማን ነበር? ጨርጨርና ገለምሶ በጣሊያን ዘመን

«ጣሊያን ክፉ ቢሆንም መንገድ ሠርቷል» የሚለው አባባል በምዕራብ ሐረርጌ ባለው ጨርጨር ውስጥም ዛሬ ድረስ ይሰማል። መሥራቱን የሚክድ የለም። የሠራው ለማን እንደነበረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከጣሊያን ወረራ በፊት የአካባቢው ንግድ ዓይኑ ባቡሩ ላይ ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ደጋውን ጥሎ በቆላው፣ በአፍደምና በሚኤሶ በኩል ነው ያለፈው። የጨርጨር ቡና በበቅሎና በአህያ ቁልቁል ወደ ጣቢያ ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቁ በዚያው መንገድ ይወጣል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን ቆርቁረው አውራጃውን የአዲስ አስተዳደር አርአያ ለማድረግ ደክመዋል። ገለምሶ ግን ከዚያም ወደ ደቡብ፣ ከበዴሳ ወዲያ ገባ ብላ የምትገኝ ናት። ለሲራራ ነጋዴዋ ሩቁ ነገር አዲስ አበባ ሳይሆን ጣቢያው ነበር።

የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ሙሶሊኒ ብዙም ሳይቆይ ታላላቅ አውራ ጎዳናዎች በአስቸኳይ እንዲሠሩ አዘዘ። ችኮላው ለገበሬው ታዝኖ አልነበረም። ወታደር በካሚዮን ከምሽግ ወደ ምሽግ በፍጥነት እንዲደርስ ነው። ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ስለሆነች ጣሊያኖች ለባቡር ጭነት መክፈል አንገሽግሿቸዋል። ለዚህም ነው ከአሰብ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ የሙጥኝ ያሉት። በመንገድ ሥራው ላይ ጣሊያናዊና አገሬው ጎን ለጎን ድንጋይ ቢፈልጡም ደመወዙ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቅ ነበር።

ጨርጨር በተለይ የተፈለገችው ለሰፋሪ ነው። አሰበ ተፈሪን «አስባ ሊቶሪያ» አሏትና ከደቡብ ጣሊያን፣ ከፑሊያ የመጡ ገበሬዎችን በደጋው የሚያሰፍር ድርጅት አቋቋሙ። በወገራ የሮማኛ፣ በጅማ አካባቢ የቬኔቶ ሰዎች ተመሳሳይ ዕቅድ ነበራቸው። የታሰበው ብዙ ነበር፤ የመጣው ሰፋሪ ጥቂት። መንገዱ ግን የታሰበውን ነው የተከተለው። ምሽጉንና የሰፋሪውን እርሻ ያገናኝ እንጂ የኢቱ ኦሮሞ ገበሬ ቡናውን ወደሚሸጥበት ገበያ የሚወስደውን መስመር አልጠየቀም።

መንገዱ ላይ ማን እንደሚሳፈርም በቆዳ ቀለም የተወሰነ ነበር። በአዲስ አበባ ነጩና አገሬው በአውቶቡስ እንኳ ተለያይተዋል፤ መርካቶም የተቋቋመችው «የአገሬው ገበያ» ተብላ፣ አገሬውን ከመሀል ከተማ ለማራቅ ነው። በ1931 ዓ.ም የወጣው የዘር ክብር ሕግ ለአገሬው የተለዩ ቦታዎችን የሚያዘወትረውን ጣሊያናዊ እስከ መቅጣት ደርሷል። እንዲህ ያለ ሕግ ባለበት አገር የገለምሶ ነጋዴ ከካሚዮኑ አቧራ በቀር ምን ይደርሰዋል?

ነገሩ የተገለበጠው በ1933 ዓ.ም ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር መጋቢት 17 ሐረርን፣ መጋቢት 20 ድሬዳዋን ያዘ። ከዚያም ወደ አዋሽ ገሰገሰና መጋቢት 28 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከሐረር አዲስ አበባ ለመድረስ ዐሥራ አንድ ቀን ብቻ ፈጀበት። ጣሊያን ወታደሩን ለማፍጠን ያነጠፈው ጎዳና የጠላቱን ጦርም አፈጠነ።

ነጻነቱ ሲመለስ የመንገዱ ካርታ አልተለወጠም። በ1943 ዓ.ም የተቋቋመው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ ብድር ጥገና ሲጀምር የተረከበው ጣሊያን የመረጣቸውን ዋና መስመሮች ነበር። ከእነዚያ ወደ ውስጥ ገባ ያሉት እንደ ገለምሶ ያሉ ከተሞች ተራቸውን ጠበቁ።