የብስክሌት ሰንሰለትና የጥርሶቹ ዕድሜ

የብስክሌት ሰንሰለት፣ በመካኒኮች አጠራር ካቴና፣ የእግርን ጉልበት ከፊት ጥርስ ተቀብሎ ለኋላው ጎማ የሚያደርስ ዕቃ ነው። ሃንስ ሬኖልድ ባለቀለበቱን ሰንሰለት በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር ውስጥ በ1880 እ.ኤ.አ. ካወጣው ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። ዘወትር በሚነዳ ብስክሌት ላይ ስንት ጊዜ ያገለግላል ተብሎ ሲጠየቅ የተለመደው መልስ በኪሎ ሜትር ነው፦ ባለብዙ ማርሽ ከሆነ ሰንሰለቱ ከ2,000 እስከ 5,000፣ የኋላው ጥርስ የዚያን ሁለት ሦስት እጥፍ፣ የፊተኛው ደግሞ ከዚያም በላይ። ቁጥሮቹ ሐሰት አይደሉም፤ ግን ብዙም አይረዱም። በደረቅ አስፋልት 5,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰንሰለት ጭቃ ውስጥ ሲነዳ 1,000 ሳይሞላ ሊያልቅ ይችላል። የጥርሶቹንም ዕድሜ የሚወስነው የተጓዙት ርቀት ሳይሆን፣ ያረጀ ሰንሰለት ተሸክመው የቆዩበት ጊዜ ነው።

ሰንሰለት «ተለጠጠ» ይባላል እንጂ ብረቱስ አይለጠጥም፤ የሚበላው መገጣጠሚያው ነው። ከአንዱ ፒን እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ሰንሰለቱ ጥርስ ላይ በተጠመጠመና በተፈታ ቁጥር እያንዳንዱ ፒን በማቀፊያው ውስጥ ይሽከረከራል። 114 ፒን ያለው ሰንሰለት ባለ50 የፊት ጥርስና ባለ14 የኋላ ጥርስ ላይ ሲነዳ በአንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ወደ 58 ጊዜ ይዞራል፤ በ3,000 ኪሎ ሜትር ከ170,000 ዙር በላይ ማለት ነው። እዚያ መሀል የገባ አቧራ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ እንደ ሞረድ ይሠራል። ከእያንዳንዱ መገጣጠሚያ የሰው ፀጉር ውፍረት ያህል፣ ስድስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ሲበላ በ24 ፒን ተደምሮ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህም 0.5 በመቶ ነው፤ የባለ11ና የባለ12 ማርሽ ሰንሰለት የሚቀየርበት ልክ። ለባለ8 እስከ ባለ10 ማርሽ እስከ 0.75፣ አንድ ማርሽ ብቻ ላለው እስከ 1 በመቶ ይታገሡታል። ለመለካት ተራ ማስመሪያ ይበቃል፦ የ24 ፒን ርዝመት በአዲስነቱ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 306.3 ከደረሰ ግማሽ በመቶው ሞልቷል። በገበያ ከሚሸጡት መለኪያዎች ብዙዎቹ የቀለበቶቹን ልልነት ጭምር ስለሚቆጥሩ፣ ገና ያላለቀውን «አልቋል» ይላሉ።

ሰንሰለቱ ሲረዝም ጥርሱ አብሮት አይረዝምም፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰንሰለቱ ከጥርሶቹ ሥር ተነስቶ ወደ ጫፋቸው ይወጣል፤ ለብዙ ጥርሶች ተከፋፍሎ የነበረው ጫና በጥቂቶቹ ላይ ይወድቃል፤ እነሱም በአንድ ጎን እየተፋቁ እንደ ማጭድ ይቆለመማሉ። ከኋላ ማርሾቹ ትንንሾቹ ቀድመው ያልቃሉ፤ ሰንሰለቱ እኩል መንገድ ቢሄድም ባለ11 ጥርሱ ላይ ያለች አንዲት ጥርስ ባለ28ቱ ላይ ካለችው ሁለት ከግማሽ ጊዜ በላይ ትመታለችና። ዳገትም የራሱ ዋጋ አለው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 170 ሚሊ ሜትር የፔዳል ክንድ ላይ ሲቆም ባለ50 የፊት ጥርስ ሰንሰለቱን በ100 ኪሎ ያህል ይወጥረዋል፤ ባለ34 ሲሆን ውጥረቱ ወደ 150 ይጠጋል።

ቅባት ለውጥ አያመጣም የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት አላጡም። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. በላቦራቶሪ ሲለኩ ሰንሰለት እስከ 98.6 በመቶ የሚደርሰውን ጉልበት እንደሚያስተላልፍ፣ የቅባቱ ዓይነትም በዚህ ላይ ጉልህ ልዩነት እንደማያመጣ አግኝተዋል። ነገር ግን የተለካው በንጹሕ ክፍል ውስጥ የባከነው ጉልበት እንጂ መንገድ ላይ የተበላው ብረት አይደለም። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው የተገኘውን ዘይት ማፍሰስ ነው» ማለትም ያስተዛዝባል። ከመኪና ሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት የብረት ብናኝ ይዞ ይመጣል፤ ወፍራም ግራሶም አቧራ ይሰበስባል። በየፒኑ አንዳንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጎ ውጪውን በጨርቅ መጥረግ ይሻላል፤ ሥራው ያለው ውስጥ ነውና። ውድ ዕቃ መግዛትም ብቻውን ዕድሜ አይጨምርም፤ በውድ የኋላ ማርሾች ላይ ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚከፈለው ለቀላልነት ነው፤ የአሉሚኒየምና የቲታኒየም ጥርስ ደግሞ ከብረቱ ቀድሞ ያልቃል።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን «ሁሉም አብሮ ይለቅና በአንድ ጊዜ ይቀየር» የሚለው ነው። ይህ ሁልጊዜ ስህተት አይደለም። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች በሚነዳ ባለአንድ ማርሽ ብስክሌት፣ ሰንሰለቱም ጥርሱም ርካሽ ከሆነ፣ ሒሳቡ ያስኬዳል፤ ሰንሰለቱ ወፍራም ነው፣ ማርሽ ለመቀየርም ወደ ጎን አይታጠፍም። የኋላ ማርሹ የሰንሰለቱን ሦስትና አራት እጥፍ በሚያወጣበት ብስክሌት ላይ ግን አያዋጣም፤ በጊዜው የተቀየሩ ሁለት ሦስት ሰንሰለቶች አንድን የኋላ ማርሽ ያኖራሉ። የዘገየ ሰው ምልክቱን የሚያየው አዲስ ሰንሰለት ያስገባ ዕለት ነው፤ ፔዳሉን ጠንከር አድርጎ ሲረግጥ ሰንሰለቱ ከጥርሱ ላይ ይዘላል። ያን ጊዜ መመለስ ያለበት ሰንሰለቱ አይደለም፤ የኋላው ማርሽ አልቋል።