ቅቤው ሲሄድ አይቡ ቀረ፦ ከጎጃም ደጋ የማዕድ ታሪክ አንድ ገጽ

በታሪካችን ውስጥ ማጀት ብዙ የተሠራበት፣ ጥቂት ግን የተጻፈለት ቦታ ነው። የነገሥታት ዜና መዋዕል ስንት ሠራዊት እንደ ዘመተ፣ ለማን ምን ማዕረግ እንደ ተሰጠ ይዘረዝራል፤ ያንን ሠራዊት ያበላው እጅ የማን እንደ ነበረ ግን አይነግረንም። ጎጃም ለዚህ ጉዳይ ዓይነተኛ ምሳሌ ናት። የቅኔ መምህራኗን የትምህርት ሐረግ ከአንዱ ወደ ሌላው እየቆጠረች ያቆየች ምድር፣ የማጀት ባለሙያዎቿን ስም በጽሑፍ የማቆየት ልማድ አላበጀችም። ስለዚህ የባለሙያዎቹን ታሪክ የሚሻ ሰው ከሥራቸው ላይ ማንበብ ይኖርበታል። ከዚህ ሥራ መካከል ለዛሬው ጥናት የተመረጠው በቅጠልና በቅመም አጊጦ ከማዕድ የሚቀርበው አይብ ነው።

በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ጾም ሲፈታ፣ ልጅ ሲዳር ወይም የክብር እንግዳ ሲመጣ አይብ ከማዕድ አይጠፋም። በጥቁር የሸክላ ጣባ ላይ ነጩ አይብ እንደ ጉልላት ይከመራል፤ አረንጓዴው ጤና አዳም ይነሰነስበታል፤ ከአናቱ ሚጥሚጣ ይረጭበታል። በሰፌድ ላይ ደረቅ እንጀራ ወይም ቂጣ አብሮት ይቀርባል። ነጩ በጥቁሩ ላይ፣ አረንጓዴውና ቀዩ በነጩ ላይ ጎልተው ሲታዩ ዓይን ከአፍ ቀድሞ ይቀምሳል። ይህን ማዕድ ለማዘጋጀት ድስት አይጣድም፤ ሽንኩርት አይቁላላም። እንዲህ ቀላል መስሎ የሚታየው ነገር ግን ከኋላው ረጅም የሥራ ሰንሰለትና የኑሮ ታሪክ አለው።

የሥራው ሂደት

ሥራው የሚጀምረው ከእንስሳቱ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከበስተ ሰሜኗ የተንሰራፋው የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ከእርሱ የሚነሡት ብዙ ወንዞችም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ደጋው ለእህልም ለግጦሽም የተመቸ በመሆኑ ገበሬው በሬውን ለእርሻ፣ ላሟን ለወተት ያረባል።

የታለበው ወተት በወይራ ጢስ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ይጠራቀማል። ጢሱ መዓዛ ይሰጣል፤ ዕቃውንም ከክፉ ሽታ ይጠብቃል። ወተቱ ሲረጋ እርጎው በቅል ወይም በሸክላ መናጫ ውስጥ ይናጣል። ይህ በወገብና በክንድ የሚሠራ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ አድካሚ ሥራ ነው። ቅቤው ተንሳፎ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ ይባላል። አሬራው በዝግተኛ እሳት ይሞቃል እንጂ አይፈላም፤ በጥናት እንደ ተረጋገጠው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ሙቀት ይበቃዋል። አሬራው አስቀድሞ የኮመጠጠ በመሆኑ በዚህ መጠነኛ ሙቀት ወገግ ያለው አይብ ከላይ ይረጋል፤ ውሃማው አጓት ከሥር ይቀራል። ከዚያ በኋላ እሳት ሥራውን ጨርሷል። አይቡ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፤ ይጨመቃል፤ በጣት ይፈረፈራል።

አንድ ኪሎ ያህል አይብ ለማግኘት ስምንት ሊትር ገደማ አሬራ ያስፈልጋል። የተገኘውም አይብ ከክብደቱ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ከቀሪው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ገንቢው ፕሮቲን ነው። ቅባቱ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ቅባቱ አስቀድሞ በቅቤ መልክ ከቤት ለመውጣት ተለይቷል። የአይብ ማኅበራዊ ታሪክ የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

ግብር የሚለው ቃል ሁለት ፊቶች

በአማርኛ «ግብር» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ገባሩ ለገዢው የሚያስገባው እህል፣ ማር፣ ቅቤ ወይም ገንዘብ ነው። በሌላ በኩል ገዢው ለሠራዊቱና ለመኳንንቱ የሚያበላው ታላቅ ድግስ ነው። ገበሬው «ግብር ገበረ»፤ ጌታው «ግብር አበላ»። የሁለቱ ተግባራት ስም አንድ መሆኑ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በአዳራሹ የሚበላው በጎተራና በማጀት የተሰበሰበው ነበርና፣ ቋንቋው የሥርዓቱን ምሥጢር ሳይደብቅ አቆይቶታል።

ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምን ዘውድ ሲጭኑ፣ መቀመጫቸው ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ ነበረች። በኋላም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ንጉሡ በ1893 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ከገዙት ልጆቻቸው አንዱ ራስ ኃይሉ ነበሩ፤ እርሳቸውም እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ሲገዙ በጣሉት ከባድ ግብር ይታወሳሉ። የእነዚህ ገዢዎች አዳራሽ ጠጅና ሥጋ ሲትረፈረፍበት፣ የጠጁ ማርና የወጡ ቅቤ የተገኙት ከገባሩ ቤት ነበር።

ቅቤ ለግብርም ለገበያም የተመቸ ሀብት ነው። ይነጠራል፤ ለወራት ይቀመጣል፤ በቅልና በእንስራ ታሽጎ ሩቅ አገር ይሄዳል። አይብ ግን እንዲህ አይደለም። ውሃው ብዙ በመሆኑ በጥቂት ቀናት ይበላሻል፤ መንገድ አይችልም። ስለዚህ ለጌታው ጎተራ አልተመቸም። ቅቤው ወደ አዳራሹና ወደ ገበያው ሲሄድ አይቡ ከቤት ቀረ። ሥርዓቱ ከወተቱ ስቡን ወስዶ ለአምራቹ ቤተሰብ የተወለት ድርሻ ይኸው ነበር። ይህን የቀረውን ድርሻ ሴቶቹ በትርፍነት አልተቀበሉትም፤ ቅጠልና ቅመም ጨምረው፣ በዕቃ አሳምረው ለክብር እንግዳ የሚቀርብ አደረጉት። የሕዝብ ጥበብ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

የውጭ አገር መንገደኞችም ከዚህ ሥራ ይልቅ ሌላውን ማየት መርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1770 የዓባይን ምንጭ ግሽ ላይ ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአውሮፓ እጅግ ያነጋገረበት የማዕድ ወሬ የጥሬ ሥጋው ድግስ ነበር። የሚያስደነግጠው ተጻፈ፤ በየቀኑ የሚሠራው ታለፈ።

ቅጠልና ቅመም

ከአይብ ጋር የሚቀርበው ቅጠል ከጓሮ የሚቀጠፍ ነው። ጤና አዳም በቅጥር ጥግ የማይጠፋ ተክል ነው፤ ለቡናም ለአይብም ያገለግላል። መዓዛው ኃይለኛ በመሆኑ አንድ ቅንጣቢ ዘለላ ለአንድ ጣባ ይበቃል። ባለሙያ ሴት እጇን የምትቆጥበው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ጤና አዳም ሲበዛ ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርም አይመከርም። በሶብላ ጣፋጭ መዓዛ ይሰጣል። በደጋው የሚበቅለው ጦስኝ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ልዩ ተክል ሲሆን፣ ቲሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ዘይቶች አሉት፤ እነዚህም ምግብ የሚያበላሹ ጥቃቅን ሕዋሳትን የመግታት ኃይል እንዳላቸው ታውቋል። ኮሰረትና ኮረሪማ ይበልጡን ለቅቤ ማንጠሪያ ቢታወቁም፣ ለአይብ የሚፈስሰው ጥቂት ንጥር ቅቤ መዓዛቸውን ይዞ ይመጣል።

አዘገጃጀቱ አጭር ነው። የተጨመቀው አይብ ይፈረፈራል፤ በጨው ይቃኛል። ጤና አዳሙና በሶብላው ተቀንጥሰው ግማሹ ከአይቡ ጋር ይዋሐዳል፤ ግማሹ ለላይ ጌጥ ይቀመጣል። ቃሪያ በቀጭኑ ይከተፋል። የኮባ ቅጠል ታጥቦ በጣባው ወይም በሰፌዱ ላይ ይነጠፋል፤ አይቡ በእርጥብ እጅ ተድቦልቡሎ ይከመርበታል። ቅጠሉና ቃሪያው ዙሪያውን ይደረደራል፤ ሚጥሚጣው መጨረሻ ላይ ይረጫል። ቀድሞ ከተረጨ ይረጥብና ቀለሙ በነጩ ላይ ይፈስሳል። ጊዜውን ጠብቆ መርጨት የቀለም ዕውቀት ነው፤ ሠዓሊ ሸራው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ቀለም እንደማይደርብ ሁሉ።

የሚቀርብበት ሰፌድም ከማዕዱ ተለይቶ አይታይም። ስንደዶው ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፤ በቀለም የተነከረው አክርማ ዙሪያውን ይጠመጥመዋል። የሰፌዱ ሐረግና የአይቡ አደራደር የአንድ እጅ ሥራ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም የአንዲት ሴት።

ጾሙና መጣጣው አይብ

በጎጃም የአይብ ዕውቀት ከፍ ካለው ደረጃ የደረሰው መጣጣ አይብ በሚባለው ነው። ይህ በጎጃም አካባቢዎች የታወቀ ሥራ ነው። የተጠለለው አይብ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከልዩ ልዩ ቅመማ ቅመምና ቅጠል ጋር ይዋሐዳል፤ በዕቃ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይታፈናል። የሚያዣው አጓት በየጊዜው እየተንጠፈጠፈ ይወገዳል። አይቡ ያለ እሳት በራሱ ይብላላል፤ ይኮመጥጣል፤ ይጠነክራል። በጥቂት ቀናት ይበላሽ የነበረው ነገር እንዲህ ሆኖ ለዓመታት የሚቆይ ይሆናል።

ለዚህ ፈጠራ ምክንያት የሆነው ነገር ከዘመን አቆጣጠሩ ጋር የተያያዘ ይመስላል። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ሁዳዴ 55 ቀን ይጾማል፤ ፍልሰታ፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም፣ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ ሲታከሉበት ምእመኑ የዓመቱን ግማሽ ያህል ከወተት ተዋጽኦ ይታቀባል። ላሚቱ ግን ጾም አታውቅም፤ ትታለባለች። ቅቤው ተነጥሮ ይቀመጣል። አይቡስ? ወይ ይጣላል ወይ መላ ይፈለግለታል። መጣጣው አይብ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ የኮመጠጠው ጣዕም፣ የውሃው መጉደልና የቅመሙ ዘይት ተባብረው ብልሽትን ይገታሉ። ማይክሮስኮፕ ያላዩ እጆች የጥቃቅን ሕዋሳትን ጠባይ በልምድ ተቆጣጥረዋል። በቅርብ ዓመታት የአገራችን የምግብ ሳይንስ ተመራማሪዎች ይህን አይብ በቤተ ሙከራ መመርመር መጀመራቸው የሚያስመሰግን ነው።

ለውጡና የቀረው ሥራ

በ1960 ዓ.ም. መንግሥት ዐሥራትን ሽሮ የእርሻ ገቢ ግብር ባወጀ ጊዜ፣ ሞጣንና ብቸናን ጨምሮ በልዩ ልዩ የጎጃም አውራጃዎች ገበሬው ተነሣ፤ መንግሥትም ለማፈግፈግ ተገደደ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አደረገ። «ግብር» የሚለው ቃል የአዳራሽ ፊቱን አጣ። በማጀት በኩል ግን ለውጡ ዘገምተኛ ነበር። መሬቱ ከጌታው እጅ ሲወጣ መናጫው ከሴቲቱ እጅ አልወጣም። የመሬት ጥያቄ ሲመለስ የሥራ ክፍፍል ጥያቄ ገና አልተነሣም ነበር ማለት ይቻላል።

ድካሙን ለማቅለል ሙከራ አልጠፋም። በአዲስ አበባ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውና በኋላ በሌላ ተቋም የተጠቃለለው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ርባታ ማዕከል፣ በሸክላው መናጫ ውስጥ የሚገባ የእንጨት ማማሰያ ሠርቶ ነበር። መሣሪያው የመናጫውን ጊዜ በእጅጉ አሳጠረ፤ የሚወጣውንም ቅቤ ጨመረ። ሆኖም እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስብ ነጥብ አለ። ቅቤው አጥርቶ በወጣ ቁጥር በአሬራው የሚቀረው ቅባት ያንሳል፤ አይቡም ይከሳል። ለገበያ የሚሄደው ሲበረክት ከቤት የሚቀረው ይደኸያል። ቴክኒክ ብቻውን የክፍፍልን ጥያቄ እንደማይፈታ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። የቅቤው ገንዘብ ለልጆች ምግብ ተመልሶ ካልገባ፣ የመሣሪያው ጥቅም በጣባው ላይ አይታይም።

ዛሬ በከተማ የፋብሪካ ወተት በፕላስቲክ ይሸጣል፤ ጓሮ የሌለው ቤትም በዝቷል። ጤና አዳም ከገበያ በእስር ይገዛል እንጂ ከደጅ አይቀጠፍም። መጣጣ አይብ የምታውቅ እናት ለልጅዋ የምታስተምረው በመሥራት ነው፤ ልጅቱ ትምህርት ቤት ስትውል፣ ቀጥሎም ለሥራ ከተማ ስትገባ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ልጅቱ መማሯ መልካም ነው፤ ወደ መናጫው ትመለስ የሚል ቢኖር የትናንቱን ጭነት እንደገና መጫኑ ነው። መፍትሔው ትምህርት ቤቱ የእናቲቱን ዕውቀት እንዲቀበል ማድረግ ነው።

ይህም ከባድ አይደለም። የሳይንስ መምህር ስለ ኮምጣጣነትና ስለ ሙቀት ሲያስተምር አሬራና አይብ ከአካባቢው የሚገኝ ማስተማሪያ ይሆኑታል። የሥዕል መምህር ስለ ቀለም ተቃርኖ ሲያስረዳ ጥቁሩን ጣባና ነጩን አይብ ማሳየት ይችላል። የባህል ሠራተኛ መንደር ለመንደር ሲዞር ዘፈንና ጭፈራ እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ የመጣጣውን ቅመም መጠን፣ የማቆያውን ዘዴና ከሁሉ በላይ የባለሙያዋን ስም በፈቃድዋ ይመዝግብ። የምግብ ስም ያለ ሠሪው ስም ሲጻፍ ዜና መዋዕሉ የሠራውን ስሕተት መድገም ይሆናል። ቅቤው ወደ አዳራሽ ሲሄድ ማን እንደ ናጠው ሳይጻፍ ቀርቷል፤ ከቤት የቀረውን አይብ ማን እንዳስጌጠው ለመጻፍ ግን ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ ጊዜው አሁን ነው።