የግድግዳ ቅርፊት

ክረምት ሲወጣ የአዲስ አበባ ግድግዳ ገበናው ይገለጣል። ሦስት ወር ሙሉ ዝናብ የጠጣ ምርጊት ጳጉሜን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ቀለሙን ይተፋዋል። እኛም ቤት እንደዚሁ ሆነና፣ ለእንቁጣጣሽ ይድረስ ብለን ቀለም ቀቢ ጠራን። የመጡት ሰው የሰፈራችን የድሮ ቀቢ ናቸው፤ እጃቸው ያላረፈበት አጥር የለም። ስፓቱላቸውንና የብርጭቆ ወረቀታቸውን ከፌስታል አወጡ። «አሮጌው ካልተነሳ አዲሱ አይዝም» አሉና ግድግዳውን በደረቁ ይፍቁት ጀመር።

አቤት የአቧራው ነገር! ከላይ ክሬም፣ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ሮዝ፣ መጨረሻ ላይ ኖራ። «ይኼን አረንጓዴ የቀባሁት እኔ ነኝ፣ በደርግ ጊዜ። አባትህ ነበሩ የመረጡት» አሉኝ። የታችኛው የግድግዳ ክፍል፣ ጭቃ ሲረጨው በጨርቅ እንዲጠረግ ተብሎ በዘይት ቀለም የተቀባው፣ እንደ ዛፍ ቅርፊት በትልልቁ ይነሳል። ሁለት ዓመት ያልሞላው የእህቴ ልጅ ታዲያ ያን ጊዜ ሥራ አገኘ። ቁጢጥ ብሎ ቅርፊቱን ይለቅማል፤ የሚያምረውን ይመርጥና ወደ አፉ! እናቱ እየሮጠች መጥታ በጣቷ አወጣችለት።

«ተይው ልጄ» አሉ ቀቢው፣ «እኛ አርባ ዓመት በልተነዋል። ምን ሆንን?»

ቀልድ ነበር፣ ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ማታ ላይ መጻሕፍት ሳገላብጥ፣ ይህንኑ ነገር ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት የጠየቁ ሐኪሞች አገኘሁ። (ከዚህ በታች ያሉትን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ቦታው ብሪዝበን ነው፤ የአውስትራሊያዋ የኩዊንስላንድ ግዛት ዋና ከተማ። የዚያ ዘመን የብሪዝበን ቤት ከጣውላ የተሠራ፣ በቋሚ እንጨት ላይ ከፍ ብሎ የቆመና በረንዳ ያለው ነው። አገሩ ሞቃት በመሆኑ ሕፃን የሚውለው በረንዳ ላይ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ጄፈሪስ ተርነርን የመሳሰሉ የከተማዋ የሕፃናት ሐኪሞች ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው፣ እጅና እግራቸው የሚዝል ልጆች እየመጡባቸው፣ ሕመሙ የእርሳስ መመረዝ መሆኑን ለዩ። እርሳስ ስል በደብተር ላይ የምንጽፍበትን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ውስጡ ግራፋይት ነው፣ ስሙን ብቻ ነው የተዋሰው። የምለው ብረቱን፣ ከባዱን ነው። ታዲያ ይህ ብረት ከሕፃን ሆድ ምን አገናኘው? ለዓመታት አልታወቀም።

በ1904 የዓይን ሐኪሙ ሎክሃርት ጊብሰን ጣታቸውን ወደ በረንዳው ቀሰሩ። የበረንዳው መደገፊያ የተቀባበት ነጭ ቀለም ከእርሳስ የተሠራ ነው፤ ፀሐይ ሲበዛበት ይደርቅና እንደ ጠመኔ ይበናል። ዱቄቱ በልጁ እጅ ላይ ይቀራል። ልጅ ደግሞ ጣቱን ይጠባል፣ ጥፍሩን ይበላል። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ይህ በተጻፈ በ18 ዓመቱ፣ ማለትም በ1922፣ ኩዊንስላንድ የሕፃን እጅ በሚደርስበት የቤት ክፍል ላይ የእርሳስ ቀለም እንዳይቀባ በሕግ ከለከለች። አሥራ ስምንት ዓመት! በመጀመሪያው ዓመት በረንዳ ላይ ይድህ የነበረ ልጅ ጎልማሳ ሆኗል ማለት ነው። የእነዚህ ጎልማሶች ዕጣ ነው ይበልጥ ያስደነገጠኝ። በግዛቲቱ ወጣቶች በኩላሊት በሽታ ከሌላው አገር ይልቅ በብዛት ይሞቱ ነበር። ናይ የተባሉ ሐኪም ነገሩን ተከታትለው በ1933 ባሳተሙት ሥራ፣ ምክንያቱ በልጅነት የተበላው እርሳስ ነው አሉ። የሚበላው በሁለት ዓመት ዕድሜ፣ ዋጋው የሚከፈለው በሠላሳ! «ምን ሆንን?» ብሎ ዙሪያውን ለሚያይ ሰው ምንም የሆነ ነገር የማይታየው ለዚህ ይመስለኛል።

ሰዎች ይህን ቀለም ለምን ወደዱት? እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ቀለም ነበር። እንጨት ላይ ይይዛል፣ ይሸፍናል፣ ዝናብ ይችላል። አሠራሩን ሮማውያን ያውቁት ነበር፤ እርሳስን በኮምጣጤ ማብላት ነው። ሆላንዶች ደግሞ የእርሳስ ጥቅልሉን ኮምጣጤ ካለበት ማሰሮ ጋር በእበት ይቀብሩታል። እበቱ ሙቀትና አየሩን ይሰጣል፣ ከሳምንታት በኋላ እርሳሱ ነጭ ዱቄት ሆኖ ይወጣል። ፊታቸውን በዚሁ ዱቄት ያስዋቡ የአውሮፓ ወይዛዝርትም ነበሩ፤ የእነሱን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው።

ለቀቢዎቹስ የተቆረቆረ አልነበረም? ነበረ። በ1921 ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጄኔቭ ላይ ስለ ነጭ እርሳስ ቀለም አንድ ስምምነት አወጣ። ስምምነቱ ለቤት ውስጥ ቅብ ቀለሙን ከለከለ፤ ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶችም በዚህ ሥራ እንዳይሰማሩ አለ። የውጭ ግድግዳ ግን ከክልከላው ውጭ ቀረ። ድርድር ነው እንግዲህ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መልቀቅ። ከአንቀጾቹ መካከል አንዷ ግን በእኛ ግቢ የተጻፈች መሰለችኝ፤ ቀለምን በደረቁ መፋቅና መፈግፈግ ከሚያስነሳው አቧራ ሠራተኛው እንዲጠበቅ ታዛለች። የቀለም ቀቢ ጠላት ቀለሙ ብቻ ሳይሆን አቧራው መሆኑ ያኔም ይታወቅ ነበር ማለት ነው። በላምባ ነበልባል እያቃጠሉ ማንሳትም አይሻልም፣ እርሳሱ በጢስ ይወጣና ቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል።

አሜሪካ ለቤት የሚሆን የእርሳስ ቀለምን የከለከለችው በ1978 ነው። ሜሪላንድ ያለ ዘመዳችን አሮጌ ቤት ሲገዛ፣ ከ1978 በፊት የተሠራ በመሆኑ ስለ እርሳስ ቀለም የሚያስጠነቅቅ ወረቀት አስፈርመውት፣ «ቤት ነው የሸጡልኝ ወይስ መርዝ?» ብሎ ሲያስቀን ነበር። አሁን ገባኝ። እዚያ አገር ከ2010 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ቤት በክፍያ የሚያድስ ሠራተኛ ሠልጥኖ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት፤ የውጭ ግድግዳ ሲፍቅም መሬቱ ላይ ላስቲክ ያነጥፋል።

እኛም ዘንድ በ2018 የወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አለ። ቀለም ውስጥ የሚኖር እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ይላል፣ ጥሩ ነው። ደንብ ግን የሚደርሰው ፋብሪካና መደብር ድረስ ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ የመረጡት አረንጓዴ ጋ አይደርስም። ያ አረንጓዴ እርሳስ ይኑረው አይኑረው ደግሞ በዓይን አይለይም። ኖራው አያሰጋም፤ የሚያሰጋው የዘይት ቀለሙ ነው፣ በተለይ ቢጫውና ደማቁ፤ በርና መስኮቱ፣ የብረት አጥሩ፣ ያቺ የልጅ እጅ የምትደርስባት የግድግዳ ታችኛዋ ክፍል።

በማግስቱ ለቀቢው ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» አሉ። በውሃ እያራሱ ይፋቁ አልኳቸው።

«ጭቃውን ላፈርሰው?»

እውነታቸውን ነው፣ የጭቃ ቤት እንደ ጣውላ ቤት አይደለም። ተከራከርን። በመጨረሻ የዘይት ቀለሙን ብቻ በራሰ ስፖንጅ እያረጠቡ ሊያነሱ፣ ኖራው ያለበትን ሳይነኩ ሊተዉ ተስማማን። ግድግዳው እስኪደርቅ ሥራው በሁለት ቀን ይራዘማል፤ የሁለት ቀን ሂሳብ ጨመርኩ። አፍና አፍንጫቸውን የሚሸፍኑበት ገዛሁላቸው፤ ግማሽ ቀን አድርገውት ግንባራቸው ላይ ሰቀሉት። ልጁን አክስቱ ቤት ላክነው።

ማታ ላይ ላስቲኩ ላይ የተጠራቀመውን ቅርፊት አብረን ጠቀለልን። ከባድ ነበር። የት እንደምንጥለው ስንመካከር አንድ ነገር ትዝ አለኝና፣ «የበፊቱን፣ ያኔ የፋቁትን ሁሉ የት ነበር የሚጥሉት?» አልኳቸው።

«እዚያው ነዋ» አሉና በስፓቱላቸው ከግድግዳው ሥር ወዳለችው መደብ አመለከቱኝ። እናቴ ለቡና ጤና አዳም የምትቀጥፍባት መደብ ናት።