ቀላይን ስለ መቈፈርና ስለ ባለዕዳው፤ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የታየ ሐተታ

በደቡብ ወሎ ተራሮች መካከል የሚገኘው አርዲቦ ከጎረቤቱ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ባሕር ከፍ ያለ ስፍራ ይዞ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ሞልቶ የሚተርፈው ውሃ ቍልቍል ፈስሶ ወደ ታችኛው ባሕር ይገባል፤ ታችኛው ግን በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ ስለሌለው የተቀበለውን ሁሉ፣ ውሃውንም ደለሉንም፣ ከ80 ሜትር በላይ በሚወርደው መዓምቁ ውስጥ ይዞ ይኖራል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት መነኮሳትን የሰበሰበበት ደብር የቆመበት ደሴት ውሃው እየሸሸ ከየብስ ጋር መያያዙን ያየ ሰው፣ የታችኛው ባሕር ሒሳብ ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ ይረዳዋል። በላይኛው ባሕር ዳር የሚያርስ ሰው ውሃውን ለመስኖ ቢስብ፣ ወይም የተዳፋቱን ዛፍ መንጥሮ አፈሩን ቢለቅ፣ የሠራው በገዛ ይዞታው ላይ ነው፤ ፍዳው ግን በሥራው ድርሻ በሌለው በታችኛው ላይ ይገለጣል። ስለ ውቅያኖስ ማዕድን የሚደረገው ክርክር ሁሉ ከዚህ ቢጀምር እወድ ነበር፤ የቈፋሪ ኃላፊነት መመዘን ያለበት ያናወጠው ዝቃጭ ሄዶ በሚያርፍበት ስፍራ ነውና።

ከውሃ ማዕድን ማውጣት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ከአብጃታ ሐይቅ ውሃ እየተሳበ፣ በገንዳ ተኝቶ በፀሐይ እየተነነ፣ ሶዳ አሽ ሲመረት ኖሯል። አብጃታም መውጫ የሌለው፣ ጥልቀቱ ያነሰ፣ ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመገብ ባሕር ስለ ሆነ፣ የላይኛውና የታችኛው ነገር በዚያም ይደገማል። ሐይቁ ሸሸ፤ ዓሣውም ሲጠፋ በጎረቤቱ በሻላ ደሴት ጫጩት የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ምግባቸውን አጡ፤ በብሔራዊ ፓርክ ወሰን ውስጥ መከለሉም አላዳነው። ማን አጐደለው ቢባል ፋብሪካው ብቻ ነው ማለት ፍርድ ማጣመም ይሆናል፤ በዝዋይና በቡልቡላ ላይ የተስፋፋው መስኖም ድርሻ አለበትና። ከብዙዎች አንዱ ብቻ የሆነ አጕዳይ ግን ዕዳውን ለሌላው ለማሻገር ምን ጊዜም ምክንያት አያጣም።

ወደ ውቅያኖሱ ስንመለስ፣ የማልታው መልእክተኛ አርቪድ ፓርዶ በ1967 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ፊት ቆሞ፣ ከመንግሥታት ወሰን ውጭ ያለው የባሕር ወለል የሰው ልጅ ሁሉ ርስት እንዲሆን አሳሰበ። አሳቡ በ1982 በባሕር ሕግ ስምምነት ውስጥ ገባ፤ በ1994ም ርስቱን የሚያስተዳድር ባለሥልጣን በጃማይካ፣ በኪንግስተን ከተማ ተቋቋመ። ስምምነቱ ጥቅሙ የባሕር በር ላላቸውም ለሌላቸውም መንግሥታት እንዲሆን ያዝዛል። ኢትዮጵያ የፈረመችው ገና የቀይ ባሕር ዳርቻ ሳላት ነበር፤ ከ1993 ወዲህ ግን ይህ ቃል የሚመለከታት በሁለተኛው ወገን ሆና ነው።

ከሐዋይ እስከ ሜክሲኮ በተዘረጋው የውቅያኖስ ሜዳ፣ ከ4,000 እስከ 6,000 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ ኮባልትና መዳብ ያዘሉ ድብልብል ድንጋዮች ተዘርተው ይገኛሉ፤ የሚያድጉትም በሚሊዮን ዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ1989 የጀርመን ሊቃውንት ለምርምር ሲሉ በፔሩ ፊት ለፊት ያለውን መዓምቅ በማረሻ አርሰውት ነበር፤ ከ26 ዓመት በኋላ ሲመለሱ ትልሙ እንዳለ ነበር። የእኛ ገበሬ ትልም በአንድ ክረምት ይጠፋል።

ቈፋሪዎቹ እነዚህ ማዕድናት ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ያስፈልጋሉ፣ ከባሕር ቢወጡ የየብሱ ደን ይድናል ይላሉ። ይህን በንቀት ማለፍ አይገባም፤ በደላንታ ገደል ኦፓል ፍለጋ ዋሻ ሲምሱ ናዳ የሚበላቸውን ወጣቶች የሚያውቅ የወሎ ሰው የየብስ ማዕድን ንጹሕ ነው ብሎ አይምልም። ይሁን እንጂ በደላንታ ሟቹ ስም አለው፣ ወገን አለው፣ የሚጮኽለትም አለው፤ በቀላይ ለሚጠፋው ፍጥረት ግን ምስክር ሆኖ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ቈፋሪው ራሱ የቀጠረው ባለሙያ ነው።

ናውሩ የምትባለው ትንሽ ደሴት በ2021 የቍፋሮው ደንብ በሁለት ዓመት እንዲያልቅ የሚያስገድደውን ድንጋጌ ጠቅሳ ሥራ ላይ አዋለች፤ ቀጠሮው በ2023 ሲደርስ ደንቡ አላለቀም ነበር። አንዳንዶች መዘግየቱን ይነቅፋሉ፤ እኔ ግን ፈሩ ሩብ ምዕት ዓመት የማይሽር ሥራ ለመመርመር ሁለት ዓመት መወሰኑን እነቅፋለሁ።

ነገሩም የፓስፊክ ብቻ አይደለም። በቀይ ባሕር መካከል፣ 2,000 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው አትላንቲስ ሁለት በሚባለው ረባዳ፣ ዚንክ፣ መዳብና ብር ያዘለ ጭቃ አለ፤ ሱዳንና ሳዑዲ ዐረቢያ በ1974 የጋራ ኮሚሽን አቋቁመው በ1979 ከወለሉ ለሙከራ ቀድተዋል። ይህ ስፍራ በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት የተያዘ ስለ ሆነ የሰው ልጅ ሁሉ ርስት ከሚለው ሕግ ውጭ ነው፤ ዝቃጩ የሚደርስበት ዓሣ አጥማጅ ግን የምፅዋ ወይም የሆዴይዳ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን ቍፋሮው በእውነት ቢጀመር፣ የጕዳቱ ማስያዣ ገንዘብ ጭቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመቀዳቱ በፊት መቀመጥ አለበት፤ ጕዳት አይደርስም የሚለውንም ማስረዳት የቈፋሪው እንጂ የአጥማጁ ሸክም ሊሆን አይገባም።