ፒዲኤፍና የማረም ችግሩ
ከአዶቢ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጆን ዋርኖክ እ.ኤ.አ. በ1991 «ካሜሎት» የተባለውን ዕቅድ ያቀረበው አንድ ሰነድ በየትኛውም ኮምፒውተርና ፕሪንተር መልኩን ሳይለውጥ እንዲወጣ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የዕቅዱ ውጤት የሆነው ፒዲኤፍ አክሮባት ከተባለው ሶፍትዌር ጋር ለገበያ ቀረበ። ፋይሉ በመሠረቱ ለንባብና ለኅትመት እንጂ ለማረም አልታሰበም፤ ዋና ሥራው ፊደላቱ በገጹ ላይ የሚያርፉበትን ቦታ መመዝገብ ነው። በአንድ የውል ሰነድ መካከል አንዲት ቃል ስትጨመር መስመሩ የሚዛነፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጥሩ ማረሚያ ሶፍትዌር የሚለየውም የተበተኑትን ፊደላት መልሶ ወደ አንቀጽ በመሰብሰብ ችሎታው ነው።

የአማርኛው ፈተና ይብሳል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተዘጋጀ ፋይል ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው፤ ኮፒ ሲደረግ ግን ብዙ ጊዜ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅርቅ ይሆናል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ከመታረሙ በፊት ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።